የድሮ ሳንቲም ስንት ያወጣል? ከጅማ አንድ ሰዓት ሠሪ

ጅማ ውስጥ ሰዓት እጠግናለሁ። ሱቄ ከመርካቶ ብዙም አይርቅም። የሰዓት ሠሪ ጠረጴዛ ላይ ዓይን ላይ የሚሰካ አጉሊ መነጽር አይጠፋም። የወርቅ ቤት ሚዛን ደግሞ ለሳንቲም ስል ጨመርኩበት። እነዚህን ሁለቱን አይቶ ይመስለኛል ሰው ሳጥን ሲከፍት፣ አያት ሲሞት፣ የድሮ ቤት ሲያፈርስ ያገኘውን ሳንቲም ይዞ ወደ እኔ ይመጣል። ሐሙስ የገበያ ቀን ይብሳል። ከደዶ፣ ከሰቃ፣ ከማና የመጣ ሰው ሸመታውን ጨርሶ መሀረብ ውስጥ የቋጠረውን ይፈታል። ጥያቄው ሁሌም ያው ነው፤ "ስንት ያወጣል?"

የእኔም መልስ ያው ነው። "ቆይ፣ መጀመሪያ ምን እንደሆነ እንወቅ።"

አንድ ሳንቲም ላይ ሦስት ዓይነት ዋጋ አለ። የብረቱ ዋጋ አለ፤ ቢቀልጥ ስንት ግራም ብር ወይም ወርቅ ይወጣዋል የሚለው። የሰብሳቢ ዋጋ አለ፤ ያ የሚወሰነው በብርቅነቱ፣ በገጽታው ደህንነትና በፈላጊው ብዛት ነው። የቤተሰብ ዋጋ ደግሞ አለ፤ የእናቴ ነው፣ የአያቴ ነው የሚባለው። ጠብ የሚነሳው ሻጩ ሦስተኛውን አስቦ ሲጠይቅ ገዢው የመጀመሪያውን ይዞ ሲመልስ ነው። ሁለቱም እውነት አላቸው፤ የሚያወሩት ግን ስለተለያየ ነገር ነው።

እርጅና ብቻውን ዋጋ አይሆንም። ይህን ስናገር ብዙ ሰው ፊቱን ያጠቁርብኛል። ከ1,600 ዓመት በላይ የሆናቸው የሮማ የነሐስ ሳንቲሞች አሉ፤ አውሮፓ ውስጥ በርካሽ ይሸጣሉ። ለምን ቢባል ከመሬት በገፍ ስለወጡ። በሌላ በኩል የ100 ዓመት ዕድሜ ያለው ሳንቲም ጥቂት ብቻ ከተመታ (ከተሠራ ማለት ነው) እና ንጹህ ሆኖ ከተገኘ ያንን አሥር እጥፍ ሊያስከነዳ ይችላል።

ስለዚህ ዓመተ ምሕረቱን በማንበብ እንጀምር። የእኛ ሳንቲሞች ላይ ቀኑ በግዕዝ ቁጥር ነው። ዛሬ ብዙ ወጣት ይህን ማንበብ አይችልም፤ ነገሩ ግን የአምስት ደቂቃ ትምህርት ነው። ፻ መቶ ነው። ከፊቱ ያለው ቁጥር ያባዛዋል፣ ከኋላው ያለው ይደመርበታል። ፲፰፻፹፯ ካያችሁ ፲ እና ፰ አሥራ ስምንት፣ ፻ መቶ፣ ፹ እና ፯ ሰማንያ ሰባት፤ 1887 ማለት ነው። በየቤቱ የሚገኙት ቀኖች ብዙ አይደሉም። ፲፰፻፹፯፣ ፲፰፻፹፱ (1889) እና ፲፰፻፺፭ (1895) የምኒልክ ናቸው። ፲፱፻፳፫ (1923) እና ፲፱፻፴፮ (1936) የኃይለ ሥላሴ ናቸው። ፲፱፻፷፱ (1969) የደርግ ነው። ሁሉም በእኛ አቆጣጠር ነው። ለፈረንጅ ገዢ ስታስረዱ 7 ወይም 8 ዓመት ጨምሩ። 1887 ብላችሁ ብቻ ከላካችሁለት በእሱ 1887 አድርጎት "እንዲህ ያለ ሳንቲም ያኔ አልነበረም" ሊላችሁ ነው። እውነቱን ነው፤ የምኒልክ የመጀመሪያው ብር ፓሪስ የተመታው በፈረንጅ 1894 ነው።

አሁን አንድ ተንኮል አለ። ሳንቲም ላይ የተጻፈው ዓመት ሳንቲሙ የተመታበት ዓመት ላይሆን ይችላል። እኛ አገር በብዛት ከሚገኙት ውስጥ ሁለቱ እንዲህ ናቸው። አንደኛው ጠገራ ነው፣ ሁለተኛው ፲፱፻፴፮ የሚለው ሳንቲም።

ጠገራ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ጅማ ላይ ዋናው ጉዳይ እሱ ስለሆነ። ማርትሬዛ የምንለው ማለት ነው። በአንድ በኩል የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ፣ በሌላው በኩል ሁለት ራስ ያለው ንስር። ከእኛ ሰፈር ጋር ያለው ትስስር የቆየ ነው። የጅማው ንጉሥ ዳግማዊ አባ ጅፋር ከጅሬን ቤተ መንግሥታቸው ሆነው በሚያስተዳድሩበት ዘመን እዚሁ ጅማ የነበረው የሂርማታ ገበያ ከአካባቢው ሁሉ ትልቁ ነበር። ቡና፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድ፣ እንዲሁም መናገሩ ቢከብድም ባሪያ ይሸጥበት ነበር። ትልቁ ሒሳብ በጠገራ፣ ትንሹ በአሞሌ ጨው ይወራረድ ነበር። ባንክ በሌለበት አገር ጠገራ የሚቀመጠው እንስራ ውስጥ ተከትቶ መሬት ተቆፍሮ ነው። ለዚህ ነው በጅማ ዙሪያ የሽንት ቤት ጉድጓድ ወይም የቤት መሠረት ሲቆፈር እስከ ዛሬ የሚወጣው።

እኛ ዘንድ የሚገኘው ጠገራ ሁሉ ማለት ይቻላል 1780 ይላል። ንግሥቲቱ የሞተችው በዚያ ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ ግን ነጋዴው ሌላ ሳንቲም አልቀበልም ስላለ በዚያው ዓመት፣ በዚያው መልክ መመታቱ ቀጠለ። ቪየና መታው፣ ሚላኖ መታው፣ ቬኒስ መታው። ጣሊያን አገራችንን ለመውረር ስትዘጋጅ በ1935 እ.ኤ.አ. ሮም ውስጥ አስመታችው። እንግሊዞች ደግሞ ለንደንና ቦምቤይ መቱት። ብራሰልስም ፓሪስም አለበት። ስለዚህ "የ1780 ነው፣ ወደ 250 ዓመት ሊሆነው ነው" ብሎ በኩራት የሚመጣ ሰው የያዘው ብዙውን ጊዜ የ90 ወይም የ150 ዓመት ሳንቲም ነው። ይህን ስነግረው እንደ ሰደብኩት ያየኛል። ነገር ግን ገዢው ያውቃል። አንተም ብታውቅ ይሻልሃል።

ለተራው ጠገራ ዋጋው ከብሩ ብዙም አይርቅም። ሒሳቡ ቀላል ነው። ትክክለኛው ጠገራ 28.07 ግራም ይመዝናል። ከዚህ ውስጥ 83.3 ከመቶው ንጹህ ብር ነው፤ ወደ 23.4 ግራም ይመጣል። የዕለቱን የንጹህ ብር ዋጋ በግራም ጠይቃችሁ በ23.4 አባዙት። ለምሳሌ ያህል ግራሙ 100 ብር ቢሆን 2,340 ብር መሆኑ ነው። (100 ያልኩት ለሒሳብ እንዲመች ነው፤ ዋጋው በየቀኑ ይለዋወጣል።) ብር አንጥረኛው ከዚህ ቀንሶ ይሰጣችኋል፤ ማቅለጫውንና ትርፉን ያስባል፣ አይፈረድበትም። ሰብሳቢ ደግሞ ንጹህ ከሆነ ከዚህ ትንሽ ከፍ ያደርጋል። ከዚህ ሒሳብ በግማሽ ዝቅ አድርጎ ልግዛችሁ የሚል ሰው ግን ወይ አያውቅም ወይ በጣም ያውቃል።

ጠገራ ሐሰተኛም ሞልቶታል። እኔ የምመረምርበትን ቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ማግኔት። ብር በማግኔት አይያዝም። ተጣበቀ ማለት ውስጡ ብረት ነው፣ አለቀ። አልተጣበቀም ማለት ግን እውነተኛ ነው ማለት አይደለም፤ መዳብም እርሳስም አይያዙም። ቀጥሎ ሚዛን። ብዙ ያገለገለ ጠገራ ተፍቆ ትንሽ ይጎድላል፤ 27.8 ቢመዝን አልደነግጥም። 25 ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው። ከዚያ ጠርዙ። እዚህ ላይ ነው ሐሰተኛው የሚጋለጠው። እውነተኛው ጠገራ ጠርዙ ላይ ጎልተው የወጡ የላቲን ፊደላት አሉት፤ ዩስቲቲያ ኤት ክሌሜንቲያ ይላል፣ ፍትሕና ምሕረት ማለት ነው፣ የንግሥቲቱ መሪ ቃል ነበር። በቃላቱ መካከል ጌጥ አለ። አሸዋ ውስጥ ቀልጦ የፈሰሰ ሐሰተኛ ጠርዙ ላይ ፊደሉ ይደበዝዛል፤ አንዳንዴም ሁለቱ ግማሾች የተገናኙበት ስፌት ዙሪያውን ይታያል፣ ወይም ያንን ለማጥፋት በሞረድ ተፍቋል። በመነጽር ስታዩት የሞረዱ መስመር ቁልጭ ይላል። አባቶቻችን ደግሞ ንግሥቲቱ ራስና ደረት ላይ ያሉትን የዕንቁ ፍሬዎች ይቆጥሩ ነበር። ፍሬዎቹ አንድ በአንድ ካልለዩ ነጋዴው አይቀበልም። ዛሬም ጥሩ ዘዴ ነው።

ይህን ሁሉ ያለፈ ግን አሁንም የሚያጠራጥር ሲያጋጥመኝ ውሃ ውስጥ እመዝነዋለሁ። ቤታችሁ ልትሞክሩት ትችላላችሁ፤ የሚያስፈልገው መቶኛ ግራም የሚያሳይ ዲጂታል ሚዛን፣ የቡና ስኒ የሚያክል ሳይሆን ጠገራው በነጻነት የሚገባበት ብርጭቆና ክር ነው። ሚዛኑ ከብርጭቆውና ከውሃው ጋር የሚሸከም መሆኑን አረጋግጡ። ብርጭቆውን ውሃ ሞልታችሁ ሚዛኑ ላይ አስቀምጡና ዜሮ አድርጉት። ጠገራውን በክር አስራችሁ ውሃው ውስጥ አንጠልጥሉት። ሙሉ በሙሉ ይግባ፣ ግን ታቹንም ጎኑንም አይንካ። ክሩን በእጃችሁ ይዛችሁ ሳትንቀጠቀጡ ሚዛኑን አንብቡ። 2.75 አካባቢ ካሳየ ደስ ይበላችሁ። የጠገራው ክብደት ለዚህ ቁጥር ሲካፈል 10.2 ይመጣል፤ 83 ከመቶ ብር ያለበት ቅይጥ የሚሰጠው ይህን ነው። መዳብና ኒኬል የተቀላቀለበት ነጭ ብረት ከሆነ ሚዛኑ ወደ 3.1 ይወጣና ሲካፈል 9 አካባቢ ይሆናል። እንደ ድሮው ድንጋይ ላይ ጥሎ ድምፁን መስማትም አለ፤ እኔ አልወደውም፣ ጠርዙን ይጎዳል።

የተበሳ ወይም ማንጠልጠያ የተበየደበት ጠገራ ለሰብሳቢ ዋጋው ይወርዳል። ይሁን እንጂ ለመሸጥ ሲባል ማንጠልጠያውን መንቀል ትልቅ ጥፋት ነው። ጠባሳው አይጠፋም፣ ጌጡም ይፈርሳል። በጅማና በአካባቢው ከዶቃ ጋር የተሰካ የጠገራ ማጌጫ በራሱ ሙሉ ዕቃ ነው፣ የጌጥ ሰብሳቢ ይፈልገዋል። አንዲት እናት እንዲህ ያለ የአንገት ጌጥ ይዘው መጥተው "ልጄ፣ ፍታውና ነጠላ ነጠላውን ንገረኝ" አሉኝ። "እማማ፣ አልፈታም" አልኳቸው። "ሲፈታ የብር ዋጋ ነው የሚያገኙት። እንዳለ ሲሆን ግን የሰው እጅ ያለበት ሥራ ነው።" ተናደዱብኝ። ልጃቸው ትምህርት ቤት ክፍያ ነበረባት፣ ገብቶኛል። በመጨረሻ ሳይፈቱት እንዳለ ለአንድ የጌጥ ነጋዴ አሳዩትና ከእኔ ሒሳብ የተሻለ አገኙ።

ወደ ምኒልክ እንሂድ። እዚህ ነው እውነተኛው የሰብሳቢ ዋጋ ያለው። ብሩ ልክ እንደ ጠገራ ተደርጎ የተሠራ ነው፤ 28.075 ግራም፣ 83.5 ከመቶ ብር። ቢሆንም ሕዝቡ ለረጅም ጊዜ የለመደውን ጠገራ አልለቀቀም። ከብሩ ታች ግማሹ አላድ፣ ሩቡ፣ ስምንተኛው ተሙን፣ ከዚያም ግርሽ አለ። ከመዳብ ደግሞ ቤሳ። ፊቱ ላይ ዘውድ የደፉ ንጉሡና "ዳግማዊ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ዘኢትዮጵያ"፣ ጀርባው ላይ አንበሳውና "ሞዓ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ" አለ። አንዳንዱ ላይ አንበሳው የግራ የፊት እግሩን አንስቷል፣ አንዳንዱ ላይ ቀኙን። ተራ ሰው አያስተውለውም፤ ሰብሳቢ ግን መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው፤ ስለዚህ ፎቶ ስታነሱ እግሩ በደንብ ይታይ።

ሙሉው የምኒልክ ብር ጥሩ ሆኖ ሲገኝ ከጠገራ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ትንሿ ግርሽ ግን አታስጎምጃችሁ። ፲፰፻፺፭ የሚለው ግርሽ በጣም ብዙ ተመትቷል፣ በየቤቱ አለ፣ ክብደቷም 1.4 ግራም ብቻ ናት። ይኸው ለእርጅናና ለብርቅነት ልዩነት ጥሩ ማሳያ ነው፤ ሁለቱም የአንድ ንጉሥ፣ ሁለቱም ብር፣ ዋጋቸው ግን አይገናኝም።

የምኒልክ ብር ከመወደዱ የተነሳ ሐሰተኛው ዛሬ በገፍ ይመጣል። አዲስ አበባ ለቱሪስት የሚሸጠው ሳይቀር ዞሮ ዞሮ ጅማ ይደርሳል፣ "ከአያቴ የወረስኩት" ተብሎ። ሚዛኑና የውሃው ምርመራ እዚህም ይሠራል። በተጨማሪ ፊደሎቹን በመነጽር እዩ። በማሽን የተመታ ፊደል ጥጉ ስለት አለው፣ በፊደሎቹ መካከል ያለው ሜዳ ለስላሳ ነው። ቀልጦ የፈሰሰ ከሆነ ፊደሉ ድቡልቡል ይላል፣ ሜዳው ላይ በመርፌ የተወጋ የሚመስሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይታያሉ። "ዘእምነገደ" በሚለው ቃል ውስጥ ያለችውን "ገ" እግር እዩልኝ። ሐሰተኛው ላይ እዚያ ጥጉ ይሞላል።

ኃይለ ሥላሴ ዘመን ላይ ፲፱፻፳፫ የሚለው መቶኛ አለ። ብሩ 100 መቶኛ ነበር። 1ና 5ቱ መዳብ፣ 10፣ 25ና 50ው ኒኬል ናቸው። ማግኔት ላይ ተጠንቀቁ፤ ኒኬል ይያዛል። እዚህ ላይ መጣበቁ ጥሩ ምልክት ነው። መቶኛ ከ፲፱፻፴፮ቱ ሳንቲም ያነሰ ስለሚገኝ ለይታችሁ አስቀምጡት።

፲፱፻፴፮ የሚለው ሁለተኛው ተንኮለኛ ነው። ይህ ሳንቲም ከ1936 ጀምሮ እስከ ንጉሡ መጨረሻ ድረስ ዓመቱ ሳይቀየር ተመትቷል። ስለዚህ ብዛቱ አይጣል ነው። የመዳቦቹ 1፣ 5ና 10 ሳንቲም ተራ ሆነው ሲገኙ ዋጋቸው ትንሽ ነው፤ ባንክ ቤት ውስጥ እንደቆዩ ብርቱካናማ ውበታቸው ያልደበዘዘ ከሆነ ግን ሰብሳቢ ይጠይቃቸዋል።

ከዚህ ቤተሰብ ውስጥ ሁለቱን አትናቁ። 50 ሳንቲሙ፣ ሽልንግ የምንለው፣ እውነተኛ ብር ነው። 7.03 ግራም ይመዝናል፤ የመጀመሪያዎቹ 80 ከመቶ፣ ኋላ የተመቱት 70 ከመቶ ብር አላቸው። ወደ 5.6 ወይም 4.9 ግራም ንጹህ ብር ማለት ነው። ሽማግሌዎች ቤት በቆርቆሮ ውስጥ ከሚስማርና ከቁልፍ ጋር ተደባልቆ ይገኛል። የደርጉ 50 ሳንቲም ብር የለውም፤ አትምታቱ።

ሁለተኛው 25 ሳንቲም ነው፣ ስሙኒ። መጀመሪያ የተመታው ስሙኒ ክብ ነበር፣ መጠኑም ከ50ው ጋር ተቀራራቢ። ብልጣ ብልጥ ምን አደረገ? መዳቡን ብር እየቀባ በ50 ሳንቲም ሒሳብ ገበያ አወጣው። መንግሥት ሰበሰበውና ጠርዙ እንደ አበባ ቅጠል የተሸነሸነ ሌላ ስሙኒ አስመታ። የምናውቀው እሱን ነው። ስለዚህ ክቡ ስሙኒ ከተሸነሸነው ያነሰ ነው የሚገኘው። ብር የተቀባ ክብ ስሙኒ ካጋጠማችሁ ደግሞ ለእኔ ትልቅ ደስታ ነው፤ የድሮ ማጭበርበር በእጅ መያዝ ማለት ነው። ግን እንደ 50 ሳንቲም እንዳትገዙት፤ በተፋቀው በኩል መዳቡ ቀይ ሆኖ ይወጣል።

የደርጉን 1969 በአጭሩ ልለፈው። ባለ አንበሳ ራሱ፣ 10 ሳንቲም ላይ የደጋ አጋዘን ያለበት። 1 ሳንቲሙ አሉሚኒየም ነው። ብዙ ናቸው። ኋላ የወጡት ከተለበጠ ብረት ስለሆኑ ማግኔት ይይዛቸዋል፣ ያ ብቻውን ከቀድሞዎቹ ይለያቸዋል። ቲክቶክ ላይ "ይህን 5 ሳንቲም ያለው ሰው ሚሊየነር ሆነ" የሚል ቪዲዮ ባየሁ ቁጥር በማግስቱ ሱቄ ሰው እንደሚሞላ አውቃለሁ። ዋጋ የለውም እላለሁ። አንዳንዱ አያምነኝም፤ ደብቄ ልገዛው የፈለግኩ ይመስለዋል። እሺ፣ ይዘኸው ሂድ።

የጣሊያን ሳንቲምም ጅማ ላይ ይበዛል። ጣሊያን የሠራውን የጅማ ሰፈር፣ ፈረንጅ አራዳን፣ የሚያውቅ ሰው አይገርመውም። ንጉሥ ቪቶሪዮ ኢማኑኤሌ ሣልሳዊ ያለባቸው የብረት ሊሬዎች ላይ ከዓመቱ ጎን በሮማ ቁጥር ሌላ ዓመት አለ፤ የፋሺስቶቹ አቆጣጠር ነው። ለወዳጅ ማሳያ ጥሩ ናቸው፣ አብዛኞቹ ግን ርካሽ ናቸው።

አሁን ዋናው ነገር። አትጠቡት።

እናቶቻችን ብር ሲጠቁር በአመድና በሎሚ አሽተው ያበሩታል። ለጌጥ ያምራል። ለሰብሳቢ ግን ሳንቲሙ በዚያች ደቂቃ ሞተ። በመነጽር ስታዩት በአንድ አቅጣጫ የሄዱ ጥቃቅን ጭረቶች ንግሥቲቱ ጉንጭ ላይ ይታያሉ፣ በፊደሎቹ ጥግ የቀረው አመድ ግራጫ ሆኖ ተጣብቋል። የመዳብ ሳንቲም በሎሚ ሲታጠብ ደግሞ ያልበሰለ ሥጋ የመሰለ ሮዝ ቀለም ያመጣል፤ ያንን ቀለም ያየ ገዢ ዋጋውን ወዲያው ይቆርጣል። ጥቁረቱ ቆሻሻ አይደለም። ብሩ ራሱ በዓመታት ያወጣው ቆዳ ነው፣ ሳንቲሙን ይጠብቀዋል፣ ለምርመራም ይረዳል። አፈር ብቻ ከሆነ ንጹህ ውሃ ውስጥ አቆዩት፣ ሳታሹ በለስላሳ ጨርቅ ጫን ጫን እያደረጋችሁ አድርቁት። በቃ።

የገጽታውን ደረጃ ስትመዝኑ ከፍ ብሎ የወጣውን ቦታ ተመልከቱ፤ መጀመሪያ የሚፋቀው እሱ ነው። ንግሥቲቱ ላይ ከጆሮዋ በላይ ያለው ፀጉር፣ ምኒልክ ላይ ዘውዱና ጉንጩ፣ አንበሳው ላይ ጋማው። ጋማው ፀጉር በፀጉር የሚለይ ከሆነ ጥሩ ነው። ግማሹ ብቻ ከታየ መካከለኛ ነው። ለስልሶ ቅርጹ ብቻ ከቀረ ደግሞ ወደ ብረቱ ዋጋ ተጠግቷል። በሁለት ደረጃ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት አንዳንዴ እጥፍ ነው፣ ለዚህ ነው ማሸት የሚያስቆጨው።

ጅማ ዝናብ ነው፣ እርጥበት አይለቀንም። ሳንቲም በቆዳ ቦርሳ ወይም በሚሸት ለስላሳ ፕላስቲክ ውስጥ ስታቆዩ መዳቡ አረንጓዴና የሚያጣብቅ ነገር ያወጣል፤ እሱ ነው የሚበላው። ነጠላ ነጠላውን በንጹህ ወረቀት ጠቅልላችሁ ደረቅ ቦታ፣ ከምድጃና ከቡና ጭስ ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ስትይዙት በጠርዙ ይሁን፤ የጣት ላብ መዳብ ላይ አሻራ ይተዋል። ወረቀቱ ላይ ከማን እንደመጣ፣ የት እንደተገኘ፣ ስንት ግራም እንደሆነ ጻፉበት። ያ ጽሑፍ የሌለው ጠገራ ጠገራ ብቻ ነው። "አያታችን ሊሙ ላይ ቡና ሸጠው ያመጡት" የሚል ያለው ቢያንስ ለልጅ ልጅ ትርጉም አለው።

ልሸጥ ላላችሁ። ሁለቱን ገጽ፣ ጠርዙን፣ ሚዛን ላይ ተቀምጦ ቁጥሩ እየታየ ፎቶ አንሱ። በቀን ብርሃን፣ በመስኮት አጠገብ፣ ፍላሽ ሳትጠቀሙ። ኢንተርኔት ላይ ዋጋ ስትፈልጉ ሻጭ የጠየቀውን ሳይሆን በትክክል የተሸጠበትን ዋጋ ፈልጉ። መጠየቅማ እኔም ስሙኒዬን በሚሊዮን እጠይቃለሁ፤ የሚከለክለኝ የለም። ቢያንስ ሁለት ገዢ አሳዩ፣ አንዱ አንጥረኛ፣ አንዱ ሰብሳቢ ቢሆን ጥሩ ነው። ሳንቲሙን "ላስመርምረው" ብሎ ይዞ ለሚሄድ ሰው አትስጡ። ቴሌግራም ላይ "ሳንቲምህን እገዛለሁ፣ ግን መጀመሪያ የምዝገባ ክፍያ ላክ" የሚል ሰው ገዢ አይደለም። ገዢ ይከፍላል እንጂ አያስከፍልም። እዚሁ እኛ ሰፈር አንድ ልጅ የእናቱን ገንዘብ እንዲህ ተበልቷል፤ ሳንቲሙ ደግሞ የደርግ 10 ሳንቲም ነበር።

አንድ ጉዳይ ላይ ግን ገበያውን ሳይሆን ሕጉን አስቀድሙ። የአክሱም ሳንቲም ከሆነ፣ ማለትም ከጥፍር ብዙም የማይበልጥ፣ የንጉሥ ፊት በሁለት ስንዴ ዘለላ መካከል ያለበት፣ ቀደም ያሉት ጨረቃ ኋላ የመጡት መስቀል የተቀረጸባቸው፣ በግሪክ ወይም በግዕዝ የተጻፈባቸው፣ ጨዋታው ሌላ ነው። አክሱም ከሦስተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ከንጉሥ እንዱቢስ ጀምሮ የራሷን ወርቅ፣ ብርና ነሐስ ስትመታ ኖራለች። ቅርስ ነው። በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ያለፈቃድ ከአገር ማውጣት አይቻልም። ጥንታዊ የሆነ ነገር ሻንጣ ውስጥ ጥሎ ቦሌ መሄድ ደግሞ ሳንቲሙንም ነጻነትንም የሚያሳጣ ነው። ለዘመድ በስጦታ ልልክ ነው ማለት አያድንም፤ ስለማንኛውም አሮጌ ሳንቲም አስቀድማችሁ የቅርስ ባለሥልጣንን ጠይቁ።

ቁፋሮ ላይ እንስራ ቢወጣ ቁፋሮውን አቁሙ። ሳንቲሙን ለሠራተኛው ለጎረቤቱ አታከፋፍሉ። ያለበትን ቦታ እንዳለ ፎቶ አንሱ፣ ዙሪያውን ከልሉ፣ ለቀበሌያችሁና ለባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ንገሩ፣ እስኪመጡም በቦታው ጠብቁት። የእንስራውንም ስብርባሪ አትጣሉ፤ ሳንቲሞቹ ሁሉ 1780 ስለሚሉ መቼ እንደተቀበሩ ሊናገር የሚችለው ሸክላው ነው።